ጂአርኢ በሌለበት አገር

ውጭ አገር ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ያመለከተ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያድርም፤ “ለመሆኑ እዚያ ማዶ የተቀመጠው ፕሮፌሰር የእኔን ትራንስክሪፕት ሲያይ ምን ይገባዋል?” ከአርባ ዓመት በፊት የቻይና የፊዚክስ ተማሪዎችም ጥያቄያቸው ይኸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በባህል አብዮቱ ሳቢያ ከ1966 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተመለሰው በ1977 ነው። በ1979 ቻይናና አሜሪካ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ጀመሩ። በሩ ተከፈተ ተባለ። ተማሪው ግን በምን ያመልክት? ቶፍል የለ፣ ጂአርኢ የለ፣ ለማመልከቻ የሚከፈል ዶላር የለ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም የመግቢያ ፈተናው ለዓመታት ተቋርጦበት ከከረመ ትምህርት ቤት የመጣ ማርክ ምን ያህል እንደሚመዝን አያውቁም።

በዚያው ዓመት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲ.ዲ. ሊ ለማስተማር ቤይጂንግ ሄዱ። ሊ ሻንጋይ ተወልደው፣ በ1957 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙ ሰው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በ1946፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው አሜሪካ ሲገቡ የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ አልነበራቸውም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ግን በድህረ ምረቃ ተቀበላቸው፤ አማካሪያቸውም ኤንሪኮ ፌርሚ ሆነ። ወረቀት የሌለው ጎበዝ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቁታል ማለት ነው።

ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ኮሎምቢያ የራሱን የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች የሚፈትንበትን ፈተና ቤይጂንግ ላይ ሰጡ። አምስት ተማሪዎች ተመርጠው ኮሎምቢያ ገቡ። ከዚያ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ክፍሎች ደብዳቤ መጻፍ ያዙ፤ “ፈተናውን አንድ እናድርገው፣ ተማሪውን ክፍያ አትጠይቁት” እያሉ። ከ1980 ጀምሮ ፈተናው በየዓመቱ ተሰጠ። እንግሊዝኛቸውን ለመመዘን ፕሮፌሰሮች ከአሜሪካ ድረስ እየሄዱ ቃለ መጠይቅ አደረጉ። “ከስፒያ” የሚል ስም የወጣለት ይህ ፕሮግራም እስከ 1989 ድረስ 915 ተማሪዎችን አሻገረ፤ ወጪያቸውንም ተቀባዮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሸፈኑ።

እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። ተማሪዎቹ ከደብዳቤው በፊትም ያው ነበሩ፤ ማርካቸውም ያው። የተጨመረው ነገር ቢኖር ማዶ ያለው ሰው ሊያነበው የሚችል ሚዛን ነው። ስንት ጎበዝ ልጅ “አላለፍክም” ተብሎ ሳይሆን ሳይነበብ ቀርቶ ይሆን?

“እኛ ሊን የመሰለ ሰው ከየት እናምጣ?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው በየዘመኑ አይገኝም። የሠሩትን ሥራ በትንሹ መሥራት ግን ይቻላል። ከክፍላችሁ ስንተኛ እንደወጣችሁ ጻፉ። ኮርሱ በየትኛው መጽሐፍ እንደተሰጠ ግለጹ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር “ጎበዝና ታታሪ ነች” ብሎ እንዳያበቃ፣ ከዚህ በፊት ካስተማራቸውና ውጭ ሄደው ከተሳካላቸው ልጆች ጋር እንዲያወዳድራችሁ ለምኑት። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳላችሁም ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፣ ላልጠየቀ ግን አይሰጡም።

ፕሮፌሰር ሊ በ2024 አረፉ። ስማቸው ሲነሳ ኖቤሉ ይቀድማል። ለእነዚያ 915 ተማሪዎች ግን ሳይቀድም የሚቀር አይመስለኝም፤ ያ ደብዳቤ።