ዱባን ያጣፈጠው ማን ነው?

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ሰምታችኋል። ሁለቱም ሐረግ ናቸው፤ ሁለቱም አጥር ላይ ይንጠላጠላሉ። መጨረሻቸው ግን ይለያያል፦ አንዱ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ደርቆ ዕቃ ይሆናል። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ነው። የሚገርመው ግን በሳይንስም ቃል በቃል እውነት መሆኑ ነው። የቅል አገሩ አፍሪካ ነው፤ የዱባ አገሩ ደግሞ አሜሪካ።

አሁን ወደ ገበያ እንውረድ። ከአንድ ሻጭ ሁለት ዱባ ገዛችሁ እንበል። ሁለቱም ያምራሉ። አንዱ ወጥ ሲሠራ ወፈር ብሎ፣ ጣፍጦ እንጀራው ላይ ቁጭ ይላል። ሌላው ግን ውኃ ነው፤ ሽንኩርቱና በርበሬው ባያግዙት ምንም አይልም። ለምን?

አፈሩና ዝናቡ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ዋናው መልስ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። የዱባ ጣዕም 10,000 ዓመት የፈጀ የሰዎች ምርጫ ታሪክ ነው። ሰው ከዱባ የጠየቀውን ሁሉ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ጣዕምን የጠየቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መራራ ነበር

በደቡብ ሜክሲኮ፣ ኦሃካ በሚባል ግዛት፣ ጊላ ናኪትስ የምትባል ትንሽ ዋሻ አለች። በ1966 አርኪዮሎጂስቱ ኬንት ፍላነሪና ባልደረቦቹ ዋሻዋን ሲቆፍሩ የደረቁ የዱባ ፍሬዎችና የቅርፊት ቁርጥራጮች አገኙ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ብሩስ ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ የፍሬዎቹን ዕድሜ አስለክቶ ውጤቱን አሳተመ። ከመካከላቸው 10,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ነበሩ፤ መጠናቸውም ከዱር ዱባ ፍሬ ይበልጣል። ይህ ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ትልልቁን እየመረጠ መልሶ ይዘራ ነበር ማለት ነው። በቆሎና ቦሎቄ እዚያ አገር መታረስ የጀመሩት ከዚያ ከ4,000 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ግን እኮ የዱር ዱባ አይበላም! ኩከርቢታሲን የሚባል፣ ምላስ የሚያቃጥል መራራ መርዝ አለው። ታዲያ ማን ይበላው ነበር? ማስቶዶን። ማስቶዶን በአሜሪካ ይኖር የነበረ፣ ዝሆን የሚመስል ትልቅ እንስሳ ነው፤ ዛሬ ጠፍቷል። ፍሎሪዳ ውስጥ በተገኘ የማስቶዶን ፋንድያ ውስጥ የዱር ዱባ ፍሬዎች ታይተዋል። በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ነገሩን ግልጽ አደረገው፦ ትንንሽ አጥቢ እንስሳት መራራን የሚለዩባቸው ዘረመሎች ብዙ ናቸው፤ የትልልቆቹ ግን ጥቂት ናቸው። ለአይጥ መርዝ የሆነው ነገር ለማስቶዶን ምሳ ነበር። እንስሳው ይበላል፣ ይሄዳል፣ ፍሬውን ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ዱባውም እዚያ ይበቅላል።

ማስቶዶኖች ሲያልቁ የዱር ዱባ ፍሬውን የሚበትንለት አጣ። ብዙዎቹ የዱር ዝርያዎች ተመናመኑ። የተረፉት በአብዛኛው ሰው ያነሳቸው ናቸው። ሰው ደግሞ መጀመሪያ የፈለገው ሥጋውን አልነበረም። ፍሬው ዘይት አለው፣ ይቆላል፣ ያጠግባል፤ ደረቁ ቅርፊት ደግሞ ዕቃ ይሆናል። በኋላ አልፎ አልፎ የማይመር ዱባ ሲበቅል፣ የዚያን ዘር እየለዩ አስቀመጡ። ዛሬ ዱባ ወጥ የምንበላው ስማቸው የትም ባልተጻፈ በእነዚያ ሰዎች ምላስ ነው።

ባሕር የተሻገሩ ዘሮች

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ መተላለፍ አለ። ቅል ከአፍሪካ በውቅያኖስ ላይ ተንሳፎ አሜሪካ የደረሰው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ዱባ ግን ወደ እኛ አቅጣጫ የመጣው ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ፣ በሰው እጅ ነው። በአውሮፓ የሚታወቀው የመጀመሪያው የዱባ ሥዕል ያለው ከ1503 እስከ 1508 ባለው ጊዜ ለፈረንሳይዋ ንግሥት ለአን ዘብሪታኒ በተሠራ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ነው። አስቡት፣ ኮሎምበስ ከተሻገረ ቢበዛ 16 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ከዚያ ዱባ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ተዛመተ። ኢትዮጵያም ደርሶ ጓሮ ውስጥ ገባ፣ የጾም ወጥ ሆነ፤ ዛሬ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስበው የለም።

የመጣው ግን አንድ ዱባ አይደለም። ይህንን በደንብ የለየው አንቷን ኒኮላ ዱሼን የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ነው። ዱሼን በ1760ዎቹ መጨረሻና በ1770ዎቹ መጀመሪያ ቬርሳይ ውስጥ ዱባዎችን እርስ በርስ እያዳቀለ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚወልድ ይፈትሽ ነበር፤ ከ200 በላይ ሥዕሎችም ሣለ። ሊኒየስ በ1753 ኩከርቢታ ፔፖ ብሎ ከሰየመው ዝርያ ሌላ፣ ዱሼን በ1786 ሁለት ዝርያዎችን ለይቶ ስም ሰጠ፦ ኩከርቢታ ማክሲማ እና ኩከርቢታ ሞስካታ።

ይህ ለጣዕም ምን ያደርጋል? ብዙ። ዝኩኒና ለጌጥ የሚቀረጸው ብርቱካናማ ዱባ በአብዛኛው ፔፖ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሥጋቸው ቀጭን፣ ውኃቸው ብዙ ነው። ማክሲማ ሲበስል እንደ ስኳር ድንች ደረቅና ዱቄታም የሚሆኑ ዱባዎች አሉት። ሞስካታ ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ሙቀትም ይችላል።

እናንተም በዓይን ልትለዩአቸው ትችላላችሁ። ዱባውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ እዩ። ወፍራም፣ ክብና እንደ ቡሽ ለስለስ ያለ ከሆነ ማክሲማ ነው። ጠንካራና ጎን ጎን ያለው ሆኖ ዱባው ላይ ሲደርስ እንደ እግር ጣት ሰፋ ካለ ሞስካታ ነው። ጠንካራና ጎን ጎን ያለው ሆኖ የማይሰፋ ከሆነ ፔፖ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ሞክሩት።

አንድ ዝርያ፣ ሁለት ጥያቄ

በ1840ዎቹ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ ማርብልሄድ በምትባል ከተማ ኤልሳቤጥ ሃባርድ የሚባሉ ሴት ነበሩ። እኚህ ሴት ስለ አንድ ዱባ ጣዕም ለግሪጎሪ ቤተሰብ አመስግነው ነገሩ። ዱባው መልኩ አያምርም፤ ቆዳው ጉብጉብ ያለና እንደ እንጨት የጠነከረ ነው። ሥጋው ግን ጣፋጭ ነው፤ ክረምቱንም ሳይበላሽ ይቆያል። የቤቱ ልጅ ጄምስ ግሪጎሪ ዘሩን አራብቶ ለሰው ማዳረስ ሲጀምር ዱባው ስም አልነበረውም። ስለዚህ በጠቆሙት ሴት ስም ሃባርድ አለው። ግሪጎሪ በኋላ ታዋቂ የዘር ነጋዴ ሆነ፤ በ1867 ስለ ዱባ አበቃቀል መጽሐፍ ጻፈ። ሃባርድ ማክሲማ ነው፤ እስከ ዛሬም ይዘራል።

በዚያው ዝርያ ላይ ሌሎች ሰዎች ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ ምን ያህል መተለቅ ይችላል? ካናዳዊው ዊልያም ዋርኖክ በ1900 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት 181 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዱባ አቀረበ። በ1904 ደግሞ በሴንት ሉዊስ 183 ኪሎ አስመዘገበ፤ ይህን ክብረ ወሰን ከ70 ዓመት በላይ የሰበረው አልነበረም። ከዚያ የኖቫ ስኮሻው ገበሬ ሃዋርድ ዲል ትልልቁን ብቻ እየመረጠ «አትላንቲክ ጃየንት» የተባለውን ዘር አወጣ። ዛሬ ክብረ ወሰኑ ከ1,200 ኪሎ በላይ ነው። የአንዲት ትንሽ መኪና ክብደት ማለት ነው!

ጣዕሙስ? ውኃ። ሃባርድና ግዙፉ ዱባ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን ሲመርጡ የቀመሱት፣ ሌላውን ሲመርጡ ግን የመዘኑት ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ጣዕም ያለው አውጣልኝ»

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዘር ምርምር አደገ፤ ጥያቄዎቹ ግን በአብዛኛው ሌሎች ነበሩ፦ ብዙ ምርት፣ በሽታ መቋቋም፣ በመኪና ሲጫን አለመሰበር፣ አንድ ወጥ ቅርጽ። እነዚህ ጥያቄዎች ተራ አይደሉም፤ ገበሬው የሚኖረው በእነሱ ነው። ግን ጣዕም ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ማንም ሆን ብሎ ባያጠፋውም።

በ2009 በኒው ዮርክ ዳን ባርበር የተባለ ታዋቂ ሼፍ ማይክል ማዙሬክ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት አዳቃይን ወጥ ቤቱ ውስጥ አገኘው። ባተርነት የሚባለውን ረጅም አንገት ያለው ሞስካታ ዱባ እያሳየ «አንተ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆንክ ለምን ጣዕም ያለው አታወጣልኝም?» የሚል ነገር አለው። ሼፉ እንደሚያወሳው፣ የማዙሬክ መልስ እስካሁን ለጣዕም ብሎ ዘር ምረጥልኝ ያለው ሰው አለመኖሩ ነበር።

ከዚያ ጥያቄ ሃኒነት የተባለው ዱባ ለገበያ በቃ። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ትንሽና በጣም ጣፋጭ ነው። ሌላ ብልሃትም አለው፦ ሳይበስል አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። ገበሬው ቀለሙን አይቶ መቼ እንደሚቆርጥ ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው እስከሚቀጥለው ክፍል ድረስ ብቻ ነው።

ትልቅ ነው ማለት በስሏል ማለት አይደለም

በአሜሪካ በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ብሬንት ሎይ የተባለ ሳይንቲስት ዕድሜውን ያሳለፈው ከዱባ ጋር ነው። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ የሚከተለው ነው። ብዙ የማክሲማ ዱባዎች አበባው በተዳቀለ በ20 ቀን ገደማ ሙሉ መጠናቸው ላይ ይደርሳሉ፤ መልካቸውም ያምራል። የሚያይ ሰው ደርሷል ብሎ ይቆርጣል። ውስጡ ግን ገና ነው። ስታርች በሥጋው ውስጥ መጠራቀሙን የሚጨርሰው በ30 እና በ35 ቀን መካከል ነው። ፍሬዎቹ ደግሞ እስከ 50 ወይም 55 ቀን ድረስ ይሞላሉ። ዱባው ቀድሞ ከተቆረጠ ፍሬዎቹ መሙላታቸውን አያቆሙም፤ ምግባቸውን ከሥጋው ላይ ይወስዳሉ። እናንተ የምትበሉት የተረፈውን ነው።

በደንብ የበሰለ ጥሩ ዱባ፣ ከ100 ግራም ሥጋው ውኃው ቢወጣ 20 ግራም ገደማ ይቀረዋል። የውኃማው ዱባ ግን ከ10 ግራም ያንሳል። ወጡ የሚቀጥነው በዚህ ነው።

ከተቆረጠም በኋላ ሥራው አላለቀም። ዱባው ተቀምጦ ሳለ ስታርቹ ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል። ማክሲማና ሞስካታ ከጥቂት ሳምንታት ቆይታ በኋላ ከተቆረጡበት ቀን ይልቅ ይጣፍጣሉ።

እናንተስ?

ይህን ሁሉ የጻፍነው ዱባ ለመትከል መሬትና ትልቅ ቤተ ሙከራ ስለማያስፈልግ ነው። የጓሮ ጥግ ካለ ይበቃል።

ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ በነጭ ሻጋታ ከተበላ ወይም አንድ ሐረግ ብዙ ዱባ ከተሸከመ ጣዕሙ ይቀንሳል። ቅጠሎቹን ጠብቁ፤ ከመጠን በላይ የበዙትን ዱባዎች ገና በጨቅላነታቸው አንሱ። አበባው የተዳቀለበትን ቀን ጻፉና 50 ቀን ቁጠሩ። ስትቆርጡ ዘንጉን አስቀሩለት፤ ከዚያ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ላይ ለጥቂት ሳምንታት አስቀምጡት።

ዘር ለማስቀረት ከፈለጋችሁ አንድ ጥንቃቄ አለ። ንብ አድራሻ አትጠይቅም፤ የጎረቤትን ዱባ ብናኝ ታመጣለች። የዘንድሮው ዱባችሁ ጣዕሙ በዚህ አይለወጥም፤ ከፍሬው የሚበቅለው ግን ድብልቅ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማታ፣ በማግስቱ የሚፈኩ አንድ ወንድና አንድ ሴት አበባ በክር እሰሩ (ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አላት)። ጠዋት ፈትታችሁ የወንዱን ብናኝ ሴቷ ላይ አሹት፤ ከዚያ ሴቷን መልሳችሁ እሰሯት።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ዱባ ወይም ዝኩኒ ስትቀምሱ በጣም ከመረራችሁ ትፉት፤ አትብሉት። ያ የማስቶዶን ዘመን መርዝ ነው፤ አንዳንዴ ከዱር ወይም ከጌጥ ዱባ ጋር ሲዳቀል ይመለሳል፤ ሰው ያሳምማል።

አያቶቻችሁ ጓሮ የሚዘራ የቆየ የዱባ ዘር ካለ ደግሞ ከየት እንዳገኙትና ለምን እንዳስቀሩት ጠይቋቸው። «ይጣፍጣል» ካሉ ጥያቄውን ከእናንተ በፊት ጠይቀውታል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ዘር አንድ ዓመት ሳይዘራ፣ ሁለት ዓመት ሳይዘራ እያለ ዝም ብሎ ይጠፋል፤ ሱቅ ሄዶ መተካትም አይቻልም። ስለዚህ ዘንድሮ ከቀመሳችኋቸው ሁሉ ምርጡ የትኛው እንደሆነ ስትወስኑ፣ የእሱን ፍሬ በሙሉ ቆልታችሁ ለቡና ቁርስ አትጨርሱት። እፍኝ ያህሉን አድርቁና ወረቀት ውስጥ አስቀምጡ፤ ላዩ ላይም ዓመቱንና ጣዕሙን ጻፉበት።