ካባ፦ ሲጋር ከላይ የሚለብሰው

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እኛ «ሲጋራ» የምንለው በወረቀት የተጠቀለለውን ቀጭኑን ነው። ጣሊያኖች ግን «ሲጋሮ» የሚሉት ወፍራሙን ቡናማውን ነው፤ ቀጭኑን «ሲጋሬታ» ይሉታል፣ ትንሿ ሲጋሮ እንደ ማለት። አማርኛ የታላቁን ስም ለታናሹ ሰጥቶ ዐረፈው። ታላቁ ስም ሲያጣ ጊዜ «ሲጋር» ተባለ፤ በ«ራ» እና በ«ር» መካከል ባለች ልዩነት ብቻ። ቸርችል በየፎቶው ይዞት የሚታየው፣ ፊደል ካስትሮም እ.ኤ.አ. በ1985 እስኪተው ድረስ ከአፉ የማይለየው እሱ ነው።

ልዩነቱ የውፍረት ብቻ አይደለም። በእጅ የተሠራ ሲጋር ወረቀት የለውም፤ ከሆዱ እስከ ቆዳው ሁሉም የትምባሆ ቅጠል ነው። ያ ቆዳ፣ ከላይ የሚታየው የመጨረሻው ቅጠል፣ ኩባውያን በሚናገሩት ስፓኒሽ «ካፓ» ይባላል። ለእሱ የሚሆን የአማርኛ ቃል ይዤ መጥቻለሁ፦ ካባ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «መጠቅለያ» ብዬ ነበር። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «ታዲያ መጠቅለያውን ልጠው ነው የሚያጨሱት?» አለኝ። እውነቱን ነው። መጠቅለያ በእኛ አፍ የሚጣል ነገር ነው፤ የከረሜላ ላስቲክ፣ የሳሙና ወረቀት። ካፓ ግን አይጣልም። ከሌላው ቅጠል ጋር አብሮ ይነዳል፣ ለጣዕሙም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ከሲጋር ላይ የሚወልቅ ነገር ቢኖር የአምራቹ ምልክት የታተመበት የወረቀት ቀለበት ነው፤ ስፓኒሹም «አኒያ» ነው የሚለው፣ ያው ቀለበት።

ካፓ በተራው ንግግር ትከሻ ላይ የሚደረብ ሰፊ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ቅጠል «ካፖቴ» ይባላል፤ እኛ ካፖርት ከምንለው ከጣሊያኖቹ «ካፖቶ» ጋር አንድ ዘር ነው። ከሁሉም ውስጥ የሚገባው ደግሞ «ትሪፓ» ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ ትሪፓ ያዘዘ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፤ የሆድ ዕቃ ነው። እንግዲህ ሲጋር ማለት የሆድ ዕቃ፣ በላዩ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ካባ ነው። ቃላቱ ከቁም ሣጥናችንና ከሥጋ ቤታችን አጠገብ ነበሩ፤ መጠቅለያ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም ነበር።

ትሪፓው ለጣዕምና ለጉልበት ነው የሚመረጠው፤ መልኩን ማን ያየዋል? ካባው ግን ቀዳዳ፣ ነጠብጣብ ወይም ወፍራም ሥር ካለበት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በምዕራብ ኩባ፣ በፒናር ዴል ሪዮ ግዛት ቩዌልታ አባሆ በሚባለው አገር፣ ለካባ የሚታሰበው ተክል ስስ ጨርቅ ከላይ ተወጥሮለት በጥላ ያድጋል። ፀሐይ ሲቀንስበት ቅጠሉ ይሰፋል፣ ይሳሳል። ይኸው ዘዴ በአሜሪካ በኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ግድም ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት፣ ለኮሌጅ የሚከፍለውን ለማግኘት ከአትላንታ ተነሥቶ የሠራው በዚያው ሸለቆ፣ ሲምስበሪ በምትባል ከተማ የትምባሆ እርሻ ላይ ነበር።

ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ በተራ ይለቀማል። በክር ተሰፍቶ በማድረቂያ ቤት ጣውላዎች ላይ ይንጠለጠልና ለሳምንታት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያ እርጥበት እንደያዘ ይከመርና ይብላላል። ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ይወጣዋል፣ ምሬቱ ይቀንሳል።

ካባ መሆኑ የሚለየው ግን ጠቅላይዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። (ጠቅላይ ስል ሚኒስትሯን ማለቴ አይደለም።) ትሪፓው በካፖርቱ ተጠቅልሎ ቅርጹን እንዲይዝ በመጭመቂያ ውስጥ ቆይቷል። ካባው እንዳይሰበር ረጥቧል፣ የመሐል አከርካሪው ተነቅሎ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሏል። ጠቅላይዋ ግማሹን ቅጠል እንጨቱ ላይ ትዘረጋለች፣ በመዳፏ ታቃናለች። «ቻቬታ» በሚሏት እጀታ የሌላት ስለታም ብረት ጠርዙን ትቆርጣለች። ልስልሱን ገጽ ወደ ውጭ አድርጋ፣ ከሚለኮሰው ጫፍ ጀምራ፣ በአንድ እጇ እየሳበች በሌላው እያንከባለለች ትጠመጥመዋለች። ዙሩ በዙር ላይ ትንሽ እየተደረበ ወደ ላይ የሚወጣው ልክ እንደ ጥምጥም ነው፤ ካህናቱ ይቅር ይበሉኝ። አጥብቃ ከሳበች ቅጠሉ ይቀደዳል፤ ካላላች ይሸበሸባል። በመጨረሻ ሳንቲም የምታህል ክብ ቅጠል ቆርጣ፣ ሽታም ጣዕምም በሌለው የዕፅዋት ሙጫ አናቱ ላይ ትለጥፋለች። ያቺን ቆብ ብንላት ካባው ይሞላለታል። በኩባ ፋብሪካዎች ይህ ሁሉ ሲሆን ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣና ልቦለድ እያነበበ ለሠራተኞቹ ያሰማል፤ ልማዱ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ አለ።

ለቀለሙም ቃል አላጣንም። ነጋዴዎቹ ካባን ከነጣ ወደ ጠቆረ ክላሮ፣ ኮሎራዶ፣ ማዱሮ፣ ኦስኩሮ እያሉ ይደረድሩታል። እኛ ሰው ስንገልጽ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። ማዱሮ ቃል በቃል «የበሰለ» ማለት ነው፤ ቅጠሉ ረዘም ላለ ጊዜ ስለተብላላ ነው የሚጠይመው። እኔ ግን «ጠይም ካባ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የበሰለ ካባ ድስት ያስታውሰኛል።

ካባ ካህን በበዓል፣ ሙሽራ በሠርጉ የሚደርበው የክብር ልብስ ነውና፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አጥብቀው በከለከሉት ትምባሆ ላይ መደረቡ ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። ይገባኛል። ቃሉ ሙገሳ አይደለም። አንድ ትልቅ ሲጋር ብቻውን የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል፤ ያንን ካባው አይሸፍነውም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። «የኮኔቲከት ካባ» ሲባል ቅጠሉ የመጣበት አገር ወይም የዘሩ መነሻ መጠራቱ ነው፤ የሆድ ዕቃው ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል። «ካባው ተሰንጥቋል» ከተባለ ደግሞ ባለቤቱ ሲጋሩን ደረቅ ቦታ ረስቶታል ማለት ነው።