ግንቡን ያዘዘው ማን ነው?

በጣና ዙሪያ፣ ከመራዊ እስከ ጎርጎራ፣ አሮጌ የኖራ ግንብ በታየ ቁጥር «ፖርቱጋል የሠራው ነው» ማለት የተለመደ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውም ጥንታዊ ድልድይ የሚጠራው በፖርቱጋል ስም ነው። ለመሆኑ ፖርቱጋል በዚህ አገር ምን ሥልጣን ነበራት? ምንም! እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ለእርዳታ መጣ፤ ሚሲዮናውያኑንም ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ አስወጧቸው። የባዕድ ሙያ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ አዛዡ ግን የአገሩ ንጉሥ ነበር።

የፖርቱጋልን ቢሮክራሲ ማየት የሚሻ ወደ አንጎላና ወደ ሞዛምቢክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1944 የቅኝ ግዛቶች የከተማ ፕላን ቢሮ ሊዝበን ላይ ተቋቁሞ የሩቅ ከተሞችን ሕንጻ ከዚያው ይነድፍ ጀመር። እስከ 1961 ድረስ አብዛኛው አፍሪካዊ በሕግ «የአገር ተወላጅ» እንጂ ዜጋ አልነበረም። ባማረው አዳራሽ የሚወሰነው በእርሱ ላይ ነበር፤ እርሱ ግን ድምፅ አልነበረውም።

እኛም ይህን ዐይነት ሕንጻ ከጣልያን ቀምሰነዋል። ወራሪው እ.ኤ.አ. በ1936 ምሥራቅ አፍሪካን በአምስት ግዛቶች ሸንሽኖ ጎንደርን የ«አማራ» ግዛት መቀመጫ አደረገ፤ ከሥሩም ኮሚሳሪያቶና ሬዚደንሳ እያለ የሹመት መሰላል ዘረጋ። ጌራርዶ ቦዚዮ ያወጣው የጎንደር ፕላን የነጩንና የሐበሻውን ሰፈር የለየ ነበር። የፒያሳው ፖስታ ቤት ዛሬም ውብ ነው፤ የቆመው ግን ገዢውን ከሮም ሊያገናኝ እንጂ ተገዢውን ሊያገለግል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 ጎንደር ነጻ ወጣች፤ ሕንጻዎቹ ቀሩ። በ1934 ዓ.ም. አዋጅ መንግሥታችን ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ ብሎ አስተዳደሩን እንደገና አዋቀረ፤ ደመወዝተኛ ሹማምንትንም መደበ። ትእዛዙ ግን ያኔም የሚፈስሰው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በጣልያን ማላከክ ግን ራስን ማታለል ነው። ደጅ ጥናት ከጣልያን በፊት የነበረ የራሳችን ሥርዓት ነው፤ ዘመናዊው ቢሮ ጣሪያና ኮሪደር ጨመረለት እንጂ አልፈጠረውም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በየከተማችን አዲስ የመስተዳድር ሕንጻ ሲመረቅ ስለ ፎቁ ብዛት ብቻ አንጠይቅ። ባለጉዳዩ የሚቀመጥበት ወንበር አለ ወይ? ሹሙስ የሚጠየቀው በማን ነው? የግንብ ነጻነት የሚለካው በጠራቢው ዜግነት አይደለም፤ በደጁ የቆመው ሰው ባለው መብት ነው።