ጧሪና ወራሽ፦ የእርጅና መተዳደሪያ በሕጋችን ታሪክ

ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። በዚህች አጭር ምርቃት ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተጣምረው ይገኛሉ፤ አንደኛው በእርጅና ዘመን የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስታምም ሰው ማግኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሞት በኋላ በወግ በማዕርግ የሚቀብር ወገን አለማጣት ነው። ዛሬ ለአረጋዊ ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈለውን አበል የምንጠራበት «ጡረታ» የተባለው ቃልም «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ቃሉ ወደ ደመወዝ መዝገብ ከመግባቱ በፊት የቤተሰብ ቃል ነበር። መጦር ግን እህል፣ ጉልበትና ጊዜ ይጠይቃል። ይህን ወጪ ማን ይሸፍናል? ለሸፈነውስ ምን ይመለስለታል? በታሪካችን የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲፈለግ የኖረው በውርስ ውስጥ ነው።

በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ጸንቶ በኖረው የርስት ሥርዓት፣ መሬት በአባትም ሆነ በእናት ወገን ለወንድም ለሴትም ልጅ ይተላለፍ ነበር። ይሁን እንጂ የትውልድ መብትና የእጅ ይዞታ አንድ አልነበሩም። ወላጆች ልጆቻቸውን ሲድሩ ከመሬታቸው እየቆረሱ ይሰጣሉ፤ ለራሳቸው የሚያስቀሩት ድርሻ ደግሞ የእርጅና ዋስትናቸው ነበር። መሬቱን ሁሉ አስቀድሞ ያከፋፈለ አባት በልጆቹ በጎ ፈቃድ ብቻ ለመኖር ይገደዳል፤ ጥቂት ያስቀረ ግን አብሮት የሚያርስና የሚጦረውን ልጅ በአጠገቡ ያቆያል። ልጅ ያልወለደ ሰው የጡት ልጅ ያደርጋል፤ ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ጭና በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትኖራለች፤ ቀባሪ እንዳያጣ የሠጋም ተስካሩን በቁሙ ያወጣል።

ለዚህ ልማድ የጽሑፍ ሕግ አልጠፋለትም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ በሰፊው ይደነግጋል። በጎንደር ዘመን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ የመሬት ሽያጫቸውንና ኑዛዜያቸውን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ፣ የምስክሮችን ስም አስዘርዝረው ያስጽፉ ነበር። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ተወስደው፣ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ብራናው የሚያወሳው ርስትና ጉልት ያለውን ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል በጭሰኝነት ይኖር የነበረው አራሽ የሚያወርሰው መሬት ስላልነበረው፣ የእርጅና ሀብቱ የልጆቹ ጉልበት ብቻ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጧሪንና ወራሽን በሁለት የተለያዩ አንቀጾች አስቀመጣቸው። ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማድ ሻረ። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ ደግሞ ራሱን ችሎ በሌላ ቦታ ተደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቷል። የልጆች እኩልነት ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ዐሥር ዓመት ያስታመመችው ሴት ልጅና ለቀብር ብቻ የደረሰው ወንድሟ በድርሻ እኩል ሆኑ። ዝምድና የሌለው አስታማሚ ደግሞ ከወራሾች ዝርዝር ጨርሶ ወጣ።

ሕጉ ይህን ክፍተት የሚሞላ መሣሪያ አልነፈገም፤ መሣሪያውም ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ተናዛዡ ሁሉንም በራሱ እጅ የሚጽፈው ኑዛዜም አለ። በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ግን በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ሆኖ፣ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳሪና ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ከመወሰን አያልፍም። እንግዲህ «ቤቴ ለጧሪዬ ይሁን» ብሎ በሞት አልጋ ላይ የሚነገር ቃል፣ የቱንም ያህል እንባ ቢያጅበው፣ በፍርድ ቤት አይጸናም። ልጅን ከውርስ መንቀልም ቢሆን ምክንያቱ በኑዛዜው ውስጥ ተገልጾ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም።

በዚያው ዘመን «ጡረታ» አዲስ ትርጉም አገኘ። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ እያዋጡ የእርጅና አበል የሚከፈልበት ሥርዓት ተደራጀ። የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ታቅፈው ይህን ዋስትና ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ መዋጮውም ደረጃ በደረጃ ወደ 7 እና ወደ 11 በመቶ ከፍ ብሏል። ነገር ግን ሥርዓቱ የቆመው በቀጣሪና በተቀጣሪ ላይ ነው። ገበሬው፣ የቤት እመቤቲቱ፣ ሸማኔውና አዝማሪው በግዴታ መዋጮው ውስጥ የሉም። አበሉም ቢሆን ለቀለብ እንጂ፣ ሌሊት ተነሥቶ ለሚያገላብጥ አስታማሚ ተብሎ የተሰላ አይደለም።

የገጠሩ መሬት የራሱን መንገድ ተከተለ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የመሬትን ሽያጭና ውርስ ከለከለ፤ ባለይዞታው ሲሞት የመጠቀም መብቱ ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ፣ እነዚህ ከሌሉም ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጁ እንዲያልፍ ፈቀደ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም የሕመምንና የእርጅናን ችግር ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ በይዞታ መብት ላይ የቤተሰብ አባል እንዲወርስ ሲደነግግ፣ «የቤተሰብ አባል» ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርንና መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑ ከደም ይልቅ አብሮ ወደ መኖር አዘነበለ። ከአርባ ዓመት በላይ በተለያየ አንቀጽ የኖሩት ጧሪና ወራሽ በገጠሩ መሬት ላይ እንደገና ተቀራረቡ ማለት ነው።

በከተማ ግን ጉዳዩ ለተናዛዡ ብዕር የተተወ ነው። አንድ ቤት ብቻ ያላት እናት፣ ልጆቿ በየአገሩ ተበትነው፣ የምታስታምማት የእኅቷ ልጅ ወይም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። «ኑዛዜ ሞትን ይጠራል» በሚል ፍራቻ ሳይጻፍ የቀረ አሳብ ዕዳው የሚወድቀው በዚች አስታማሚ ላይ ነው፤ ከቀብሩ ማግሥት ቤቱን ለቃ ትወጣለችና። መምህሩ በትምህርት ቤቱ፣ የቀበሌ ሹሙ በስብሰባው፣ የቴአትር ሰውም በመድረኩ ሊያስረዱት የሚገባው ነገር ረጅም አይደለም፦ ኑዛዜ በጤና ጊዜ፣ በጽሑፍና በምስክር ይደረግ፤ የጧሪው ድካምም በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። ምርቃቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ደርሶናል፤ የሚያጸናው ግን ፊርማ ነው።