ከሴባስቶፖል እስከ ርካሹ ዊንች



የሚያዝያ ዝናብ ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚበዛው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለላንድክሩዘሬ የኤሌክትሪክ ዊንች ልገዛ ነው፤ ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ ስንት ቁጥር የተጻፈበትን ልውሰድ?» እኔ መካኒክ አይደለሁም። በኮሜርስ ዲፕሎማዬ የተማርኩት ሒሳብ መያዝ ነው። ነገር ግን ጭነቴ በጭቃ ሲያዝና ሲወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ከመናገሬ በፊት ታሪኩን ላውራችሁ። ርካሽ ዊንች የቱ ጋ እንደረከሰ የሚገባን የመጎተት ሥራ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ስናውቅ ነው።

በአገራችን ስለ መጎተት ከተነገሩት ታሪኮች ትልቁ የሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ ወደ 7 ቶን፣ በእኛ በነጋዴዎች አነጋገር 70 ኩንታል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወሰድ ሞተር የለም። በሠረገላ ተጭኖ፣ ገመድ ታስሮለት፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው ወራት ፈጀ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የጎታቹን ብዛት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመጎተቱ በፊት መንገዱ ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው። ድንጋዩ ይነሣል፣ ገደሉ ይቆረሳል፣ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያን መድፍ አምባው ላይ ያደረሰው ገመድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሸክሙን የሚያቀልል መንገድ ተበጀለት፣ ከዚያ ተጎተተ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ታሪክ የእኛው ሰፈር ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ጣሊያንን ለመውጋት ከሰሜን ኬንያ ተነሥቶ ወደ ሜጋ ገፋ። በረሃውን በካሚዮን አቋርጦ የመጣው ጦር ሜጋ አጠገብ ሲደርስ ከባድ ዝናብ ወረደበት፤ መኪኖቹም በጭቃ ተያዙ። ሜጋ የካቲት 11 ቀን በጦሩ እጅ ገባች፣ ሞያሌም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተከተለች። በሜጋ መንገድ በዝናብ ቀን የነዳ ሹፌር ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። ሞተር ቢበዛም ጎማው ባዶውን ከተሽከረከረ ጉልበቱ መሬት አይደርስም። መረሬ አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ የጎማውን ጥርስ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የመኪናው ፈረስ ጉልበት ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው።

ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ግን ጋራዣችን ውስጥ ቀረ። ካቦ፣ ቴላዮ፣ ባሌስትራ፣ ስኮርታ የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገድ መዘርጋት ሲጀምር፣ ቀጥሎም ኤንትሬ የምንለው ፊያት ጭነቱን ሲይዝ፣ በጭቃ የተያዘን መኪና የሚያወጣው ሌላ መኪና፣ አንድ ካቦና የመንገደኛው ትከሻ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ለብሶ ያለቀው እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። እኔ ንግድ ስጀምር አቧራና ድንጋይ፣ ሲዘንብም ጭቃ ነበር። አንድ ጊዜ የቦሎቄ ጭነቴ ቱርቢ አካባቢ ተይዞ አራት ቀን ቆየ። ሸራው ስር ውኃ ገብቶ ከታች ያለው ጆንያ ሻገተ። ያወጣን ዊንች አልነበረም። ተሳፋሪው ወርዶ ድንጋይ ለቅሞ ጎማ ስር ነጠፈ፣ ከኋላችን የመጣ ካሚዮን በካቦ ጎተተን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚያ ገባኝ።

አሁን ወደ ዊንቹ እንምጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጂፕና በላንድሮቨር ላይ ይገጠም የነበረው ዊንች ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን በቀጥታ ከመኪናው ሞተር ይወስድ ነበር። ጥቅሙ ሳይግል ለረጅም ጊዜ መሳቡ ነው፤ ጉዳቱ ሞተሩ ከጠፋ እሱም መሞቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አርተር ዋርን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ለጂፕ የፊት ጎማ ማላቀቂያ መሥራት ጀመረ። ኩባንያው በ1959 ከባትሪ የሚሠራ የመኪና ዊንች ለገበያ አቀረበ። በ1974 የወጣው 8274 የተባለው ሞዴል ደግሞ ለብዙ ዓመት የዚህ ዕቃ መለኪያ ሆኖ ኖረ። የስሙ የመጀመሪያ ቁጥር 8,000 ፓውንድ የመጎተት አቅሙን ያመለክታል፤ በእኛ ሚዛን 3,600 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

በኋላ ጥርሱ በፕላኔት ቅርጽ የተደራጀ፣ አጠር ብሎ ፓራውልት ውስጥ የሚደበቅ ዊንች ተስፋፋ። ይህ ዓይነቱ ለመሥራት ርካሽ ስለሆነ የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ያመርቱት ጀመር። ዛሬ ሶማሌ ተራም ሆነ ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ብትሄዱ ተመሳሳይ አካል በተለያየ ስምና ቀለም ታያላችሁ። ዋጋው ከታወቀው ስም በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ድሮ የመንግሥትና የድርጅት መኪና ብቻ ይይዘው የነበረውን ነገር ትንሽ ነጋዴም እንዲይዘው አድርጓል። ዋናው ጥያቄ ዋጋው ሲቀነስ ከዕቃው ላይ ምን እንደተቀነሰ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ዝናብ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሳጥኑ ላይ 13,000 ፓውንድ የሚል ዊንች በጥድፊያ ገዝቼ አስገጠምኩ። ወደ ፎሮሌ በሚወስደው መንገድ ላንድክሩዘሩ እስከ መከላከያው ሰመጠ። አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ዕረፍት ሳብን። መጀመሪያ የባትሪው ሽቦ ሸተተ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ጨሰ፣ በመጨረሻ የብረት ገመዱ ተበጠሰ። ገመዱ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ከረዳታችን ጉልበት አንድ ክንድ ያህል ርቆ አለፈ። ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። ዊንቹን ሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ብዬ ጻፍኩት፤ ልጁ ቢመታ ኖሮ ግን በየትኛው ዓምድ እጽፈው ነበር? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ።

በኋላ አንድ አዋቂ መካኒክ ሲፈታታው የሆነውን አሳየኝ። እናንተም ስትገዙ የምታዩትን ቦታ በዚያው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አቅም የሚሠራው ገመዱ ተፈትቶ ድራሙ ላይ የመጨረሻው አንድ ድርብ ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ ድርቡ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ድራሙ ሙሉ ሲሆን ከተጻፈው ሲሶ በላይ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ቅርብ ካለ ዛፍ ይልቅ ራቅ ያለው ይሻላል። ይህ ማለት ግን ገመዱን ጨርሱት ማለት አይደለም። የብረት ገመድ ከሆነ ቢያንስ 5 ዙር፣ የክር ገመድ ከሆነ 10 ዙር ያህል ድራሙ ላይ ይቅር።

ቀጥሎ ሞተሩ። በርካሾቹ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ቋሚ ማግኔት ያለበት ከባትሪ ትንሽ ይወስዳል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ ሲግል ግን ጉልበቱ ቶሎ ይወርዳል። ሲሪስ ዋውንድ የሚባለው ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ለከባድ ሥራ ግን ይሻላል። ለከተማ መኪና የመጀመሪያው ይበቃል፤ ጭነት ይዞ መረሬ ውስጥ ለሚገባ ሁለተኛውን ጠይቁ። የትኛውም ቢሆን አንድ ደቂቃ ያህል ስባችሁ አሳርፉት፤ እጃችሁን ሞተሩ ላይ ማቆየት ካልቻላችሁ ይብረድ።

ሦስተኛው ሽቦው ነው፤ የእኔን ያቃጠለው እሱ ነው። ዊንች በሙሉ ጭነት 400 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። የእኔ ሽቦ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። ሲገዙ ጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ለውጡት፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባትሪው ጤነኛ ይሁን፣ ስትስቡም የመኪናው ሞተር ይነሣ። የመኪናችሁን ቮልት ደግሞ ሳታዩ አትክፈሉ። ብዙ ላንድክሩዘር 12 ቮልት ነው፣ 24 ቮልት የሆነም አለ፤ አይሱዙ የጭነት መኪና ደግሞ 24 ነው። ውኃና አቧራ ለመከላከል አይፒ67 የተጻፈበትን ፈልጉ፤ አቧራ የማያስገባና በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት የሚቋቋም ማለት ነው።

አራተኛው ገመዱ። የብረቱ ርካሽ ነው፣ ፀሐይና አሸዋም ቶሎ አይጎዳውም፤ ሲበጠስ ግን ገዳይ ነው። የክሩ ገመድ ቀላል ነው፣ ሲበጠስም እንደ ብረቱ አይወረወርም። ጠላቱ ሙቀት፣ ፀሐይና ስለታም ድንጋይ ነው። በፕላኔት ዊንች ላይ ደግሞ ፍሬኑ ብዙውን ጊዜ ድራሙ ውስጥ ስለሆነ ቁልቁል ጭነት ይዛችሁ ስታወርዱ ድራሙ ግሎ ክሩን ሊያቀልጠው ይችላል። የትኛውንም ብትመርጡ ገመዱ ላይ የረጠበ ጆንያ ወይም ከባድ ጨርቅ ጣሉ፣ ሰውንም ከገመዱ ርዝመት አርቁ። በገመድ ላይ የሚራመድ ረዳት ካያችሁ ሥራውን አቁሙ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው ደንብ ዊንቹ ከነጭነቱ ካለው የመኪናው ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን ይላል። ሙሉ ጭነት ይዞ 3,300 ኪሎ የሚመዝን ላንድክሩዘር ወደ 5,000 ኪሎ የሚስብ ይፈልጋል፤ 12,000 ፓውንድ የሚለው 5,440 ኪሎ ስለሆነ ይበቃዋል። ይህ ግን ያልጠለቀ ጭቃ ነው። ወታደሮች መኪና ሲያወጡ የሚይዙት ግምት አለ። ጭቃው እስከ ጎማው ከሆነ የሚያስፈልገው ጉልበት የመኪናውን ክብደት ያህል ነው፤ እስከ መከላከያው ከሆነ እጥፉ ነው። የእኔ መኪና በዚያ ቀን 6,600 ኪሎ ጠይቆ ነበር ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 13,000 ፓውንድ እውነት እንኳ ቢሆን 5,900 ኪሎ ነው። ከመጀመሪያውም አይበቃም ነበር።

ሴባስቶፖልን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አካፋ አውጥተን ከጎማው ፊትና ከሆዱ ስር ያለውን ጭቃ ብንጠርግ፣ ጭነቱንም ብናወርድ፣ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርድ ነበር። አንድ በከራ፣ ሹፌሮች ፑሊ የሚሉት፣ ጨምረን ገመዱን ዛፍ ላይ አዙረን ወደ መኪናው ብንመልሰው ደግሞ ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር፤ ፍጥነቱ ብቻ በግማሽ ይቀንሳል። ማንን ያስቸኩላል?

ስለዚህ ገንዘቧ ትንሽ ለሆነ እህቴ የምመክረው ይህ ነው። ከሳጥኑ ላይ ትልቁን ቁጥር አታሳድጂ። 12,000 የሚል ሲሪስ ዋውንድ ዊንች ውሰጂ፣ የቀረሽን ብር በመዳብ ሽቦ፣ በበከራ፣ ለዛፍ በሚታሰር ሰፊ ቀበቶና በጥሩ አካፋ ላይ አውዪው። ዊንቹን ከቴላዮ ጋር በጠንካራ ብሎን ያስሩልሽ እንጂ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ አይሁን። ከመንገድ በፊትም ሜዳ ላይ ጭነት ይዘሽ ሞክሪው።

መሬቱንም አትርሺ። በቦረና ግራር አለ፣ ገመድ ይይዛል። ዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ላይ ግን ጥቁር ድንጋይ እንጂ ዛፍ የለም። እዚያ ዊንችሽን የሚይዝልሽ ሌላ መኪና ወይም ጉድጓድ ቆፍረሽ የቀበርሽው ስኮርታ ነው። ብቻውን የሚሄድ መኪና የሚያስርበት ካጣ ዊንቹ ጌጥ ነው።

ዛሬ ከሞያሌ ናይሮቢ አስፋልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻም የጋራ የድንበር ኬላው ተመርቋል። ግን ቦሎቄው፣ ፍየሉና ቅቤው የሚመጣው ከአስፋልቱ ዳር አይደለም፤ ከዱካና፣ ከፎሮሌና ከዲሎ ወገን ነው። እዚያ መንገዱ አሁንም የድሮው ነው። የእህቴ ልጅ ዛሬ ራሱ ሹፌር ሆኗል። ዊንቹን ከመንካቱ በፊት አካፋውን ያወርዳል፣ ሰውን ያርቃል፣ ጆንያውን ገመዱ ላይ ይጥላል። እኔም ከመኪናው ወርጄ ራቅ ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ዝናቡን የበረከት፣ መንገዱንም የሰላም ያድርግልን።