የውጭ ቋንቋ ፊልም ክበብ በኢትዮጵያ

የውጭ ቋንቋ ፊልም ክበብ በአንድ አገር የሚኖሩ የውጭ ዜጎች፣ እንዲሁም ቋንቋቸውን የሚያውቁ ወይም የሚማሩ የአገሬው ተወላጆች፣ በቀጠሮ እየተሰበሰቡ በዚያ ቋንቋ የተሠሩ ፊልሞችን የሚያዩበትና የሚወያዩበት ስብስብ ነው። ከንግድ ሲኒማ ቤት የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ዓላማው ትርፍ አይደለም፤ ፊልሙን የሚመርጡት አባላቱ ወይም አዘጋጁ ተቋም ናቸው፤ ከፊልሙ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ውይይት ይደረጋል። በኢትዮጵያ ይህን ተግባር በዋናነት የፈጸሙት በአዲስ አበባ የሚገኙ የውጭ አገር የባህል ተቋማት፣ የየማኅበረሰቡ መዝናኛ ክለቦችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከዋና ከተማው ውጭ፣ ለምሳሌ በከፋ ዞንና በቦንጋ፣ የፊልም ታሪክ ሌላ መልክ ይዟል።

የፊልም ክበብ አመጣጥ

የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ለሕዝብ ፊልም በክፍያ ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነበር። ፊልም በፍጥነት የንግድ ሥራ ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፊልምን እንደ ጥበብ መታየት አለበት የሚሉ ሰዎች በፈረንሳይ ተነሡ። ሃያሲውና የፊልም አዘጋጁ ሉዊ ደሉክ እ.ኤ.አ. በ1920 «ሲኔ ክለብ» የሚለውን ስያሜ በመጽሔቱ ስም ላይ አዋለው። ሪቾቶ ካኑዶ ደግሞ በ1921 ሥዕል ሠሪዎችን፣ ደራስያንንና የፊልም ሰዎችን የሚያገናኝ ማኅበር በፓሪስ አቋቋመ። በ1925 የለንደን ፊልም ማኅበር ተመሠረተ። ይህ ማኅበር በንግድ ሲኒማ ቤቶች የማይገኙ የጀርመን፣ የሶቪየትና የፈረንሳይ ፊልሞችን ለአባላቱ አሳይቷል። በሳንሱር ታግዶ የነበረውን የሰርጌይ አይዘንሽታይን «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ለንደን ውስጥ በ1929 ያሳየውም እሱ ነበር።

የፊልም ክበብ በብዙ አገሮች የፊልም ሠሪዎች መፍለቂያ ሆኗል። ሳትያጂት ራይና ቺዳናንዳ ዳስጉፕታ የካልካታ ፊልም ማኅበርን በ1947 መሠረቱ፤ ራይ የመጀመሪያ ፊልሙን «ፓቴር ፓንቻሊ» በ1955 ለእይታ አበቃ። በአፍሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የቱኒዚያ የፊልም ክበቦች ፌዴሬሽን መሪ የነበረው ታሃር ሸሪዓ በ1966 የካርቴጅ ፊልም ፌስቲቫልን አቋቋመ። ዛሬ በአህጉሩ ትልቁ የሆነው የዋጋዱጉ የፊልም ፌስቲቫል (ፌስፓኮ) በ1969 ሲጀመር፣ መነሻው በፈረንሳይ የባህል ማዕከል ዙሪያ የተሰባሰቡ የፊልም ወዳጆች ነበሩ። ለውጭ ዜጎች ታስቦ የተከፈተ አዳራሽ ለአገሬው ሰው ጥበብ መነሻ የሆነባቸው ምሳሌዎች ናቸው።

ሲኒማ በአዲስ አበባ፦ መጀመሪያ ዘመን

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ያስገቡትም የውጭ ሰዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ በከተማዋ በውጭ ሰዎች ዘንድ ሰፊ ቦታ የነበረው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲ ባቡር ሥራ በፈረንሳዮች እጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ ዛሬ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የሚባለው ተቋም ተመሠረተ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊልም ጥቅሎችም እንደ ሌላው የውጭ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ለመምጣት ቀላል መንገድ አገኙ።

በ1910ዎቹ ዓ.ም. በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የመጀመሪያው ቋሚ የፊልም ማሳያ ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ የሰው ጥላ ለብዙዎች የሰይጣን ሥራ መስሎ ስለታያቸው ነው። ቦታው በኋላ ሜጋ አምፊቲያትር ተብሎ ታውቋል። የዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ አልነበረውም፤ ታሪኩ የሚገለጸው በመካከል በሚታዩ ጽሑፎች ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን ማንበብ የሚችሉት በአብዛኛው የውጭ ዜጎችና ጥቂት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ ሌላው ተመልካች ታሪኩን ከእንቅስቃሴው ይረዳ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የቋንቋ ጉዳይ ይበልጥ ጎላ፤ የማያውቁትን ቋንቋ የሚናገር ፊልም በምልክት ብቻ መከታተል ከባድ ሆነ።

የጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.)

የፋሺስት ጣሊያን መንግሥት ፊልምን የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ አድርጎ ተጠቀመበት። የመንግሥቱ የፊልም ድርጅት ሉቼ ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎችም ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ተሠሩ፤ ቀደም ሲል ቅኝ ግዛቱ በነበረችው በአስመራ የተገነባው ሲኒማ ኢምፔሮ (1937 እ.ኤ.አ.) እስካሁን ይታወቃል። ሆኖም በዘር የመለየት ሕጉ ምክንያት ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ አይፈቀድም ነበር። በኢትዮጵያ ምድር የውጭ ሰው ብቻ የሚገባበት የፊልም አዳራሽ በሕግ የተደነገገው በዚህ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ ሳያልቅ ወረራው አበቃ። ከነፃነት በኋላ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር ነው።

ከነፃነት በኋላ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ ፈረንሳይኛም እ.ኤ.አ. በ1947 በተከፈተው በሊሴ ገብረ ማርያም ቦታውን ጠበቀ። በአዲስ አበባ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ሲኒማ አምባሳደርና ሲኒማ ራስ የአሜሪካ፣ የጣሊያንና የህንድ ፊልሞችን ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። የውጭ ማኅበረሰቦች ደግሞ የየራሳቸው መሰብሰቢያ ነበራቸው። የጣሊያኖቹ ጁቬንቱስ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የአርመኖቹ አራራት እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣ ክለቦች ናቸው።

የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 እ.ኤ.አ.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን መቀመጫቸው ሲያደርጉ የውጭ ነዋሪው ቁጥርና የቋንቋው ዓይነት ጨመረ። ጎተ ኢንስቲትዩት በ1962 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የጣሊያን የባህል ተቋም፣ የብሪቲሽ ካውንስል፣ የአሜሪካ የመረጃ አገልግሎትና የሶቪየት የባህል ማዕከልም በየበኩላቸው ፊልም አሳይተዋል። በአስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቃኘው ጣቢያ ለወታደሮቹና ለቤተሰቦቻቸው የራሱ ሲኒማ ቤትና የቴሌቪዥን ሥርጭት ነበረው።

በውጭ ማኅበረሰቦችና በኢትዮጵያ ፊልም መካከል የነበረው ግንኙነት በተመልካችነት ብቻ አልተወሰነም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ የሚታወቀውን «ሂሩት አባቷ ማነው?» (1957 ዓ.ም.) ያዘጋጀው ግሪካዊ ነበር። «ጉማ» የተባለውን ፊልም ያዘጋጀው ሚሼል ፓፓታኪስም የግሪክ ዝርያ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው።

በደርግ ዘመን

ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ሲኒማ ቤቶች በመንግሥት ተወረሱ። ብዙ ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና አርመኖች አገር ለቀው ሄዱ፤ የክለቦቹም አባላት ተመናመኑ። መንግሥት በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ የመረጃ አገልግሎትን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ ተቋማት እንዲዘጉ አዘዘ፤ ቃኘው ጣቢያም በዚያው ተዘጋ። በምትኩ የሶቪየትና የሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ፊልሞች በዙ። የህንድ ፊልም ግን በሕዝቡ ዘንድ ተወዳጅነቱ አልቀነሰም። ፊልም የሚያስመጣው፣ የሚመረምረውና የሚያሳየው አንድ አካል በሆነበት ዘመን፣ የባህል ተቋማት አዳራሾች ሌላ ዓይነት ፊልም ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል ነበሩ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ

ቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎም ሳተላይት ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ሲስፋፉ የፊልም ክበብ ዋና ጥቅም የነበረው «ሌላ ቦታ የማይገኝ ፊልም ማግኘት» ቀነሰ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች፣ ከእነዚህም መካከል የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»፣ ሲኒማ ቤቶችን በተመልካች ሞሉ። ለአሥርተ ዓመታት የውጭ ቋንቋ ሲነገርባቸው የኖሩት አዳራሾች አማርኛ መናገር ጀመሩ። የሆሊውድ ፊልም በአመዛኙ እንደ ኤድና ሞል ወዳሉ ዘመናዊ ሲኒማ ቤቶች ሄደ፤ የፈረንሳይኛ፣ የጀርመንኛና የጣሊያንኛ ፊልም ደግሞ ወደ ባህል ተቋማቱ ተመለሰ። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት የፊልም ምሽት ያዘጋጃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ልዑክ ከኤምባሲዎችና ከተቋማቱ ጋር በመሆን የአውሮፓ ፊልም ፌስቲቫል ያካሂዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በዘጋቢ ፊልሞች ላይ ያተኩራል። በእነዚህ ትዕይንቶች ላይ ከውጭ ዜጎች ጎን ለጎን የቋንቋ ተማሪዎችና ወጣት ፊልም ሠሪዎች ይገኛሉ።

አሠራር

በፊልም ጥቅል ዘመን ክበቦች በብዛት የሚጠቀሙት በ1923 እ.ኤ.አ. የወጣውን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። መሣሪያው ቀላልና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በትምህርት ቤት ወይም በክለብ አዳራሽ ሊተከል ይችላል። 1,600 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል በሴኮንድ 24 ምስል ፍጥነት 44 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም ለማሳየት ሦስት ጥቅል ያስፈልጋል፤ መሣሪያው አንድ ብቻ ከሆነ ጥቅል ሲቀየር መብራት ይበራል፣ ተመልካቹም ይጠብቃል። ዛሬ ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ይበቃል።

ሌላው ጉዳይ የግርጌ ጽሑፍ ነው። ፊልሙ ያለ ግርጌ ጽሑፍ ከቀረበ ተመልካቹ የዚያ ቋንቋ ተናጋሪ ብቻ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ግርጌ ጽሑፍ ሲኖረው ሌሎች የውጭ ዜጎችና የተማሩ ኢትዮጵያውያን ይጨመራሉ። የአማርኛ ወይም የሌላ የአገር ቋንቋ ጽሑፍ ሲኖረው ደግሞ በሩ ለሁሉም ይከፈታል። አንድ ክበብ ለማን እንደቆመ ከደንቡ ይልቅ በግርጌ ጽሑፉ ቋንቋ ሊታወቅ ይችላል። የፊልሙ ባለመብት ፈቃድም ያስፈልጋል፤ የባህል ተቋማት ከአገራቸው ፈቃድ ያላቸውን ፊልሞች ማግኘት መቻላቸው ከግለሰብ ክበብ የተሻለ አቅም ይሰጣቸዋል።

በከፋና በቦንጋ

የከፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩት በ1897 እ.ኤ.አ. ማለትም ሲኒማ ከተፈለሰፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከፋ ከውጭ ሰዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ከዚያም ይቀድማል። ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ አባ ማስያስ (ጉልየልሞ ማሳያ) በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያ ነበሩ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ተጉዞ ስለ ከፋ ሕዝብ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በጀርመንኛ ጽፏል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቦንጋ የከፋ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች፤ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ግን ጅማ ነበረች። ጣሊያኖች የሠሩት ሲኒማ ቤት የነበረውም በጅማ ነው፤ በከተማዋ «ፈረንጅ አራዳ» የሚባለው ሠፈርም ስሙ የውጭ ሰዎችን ያስታውሳል። ከቦንጋ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ለቦንጋ ነዋሪ በሲኒማ አዳራሽ ፊልም ማየት የጉዞ ጉዳይ ነበር። በአገሪቱ ትንንሽ ከተሞች ፊልምን ወደ ሕዝቡ ያቀረበው በኋላ የመጣው ቪዲዮ ቤት ነው። ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና ትንሽ የመግቢያ ክፍያ ይበቃው ነበር፤ የህንድና የድብድብ ፊልሞች ንግግራቸው ባይገባም ተመልካች አላጡም።

የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ጫካ ቡናና ስለ ደኑ የሚያጠኑና የሚሠሩ የውጭ ባለሙያዎች፣ በተለይ ጀርመኖች፣ ወደ ቦንጋ ይመላለሳሉ። ከተማዋ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲና የብሔራዊ የቡና ሙዚየም መገኛ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ማዕከልም ሆናለች። አዳራሽ፣ ተማሪና የውጭ እንግዳ በአንድ ከተማ መገኘታቸው የፊልም ክበብ ከሚጠይቃቸው ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው።

በከፋ «የውጭ ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ትርጉም ይይዛል። የከፋ ሕዝብ አፍ መፍቻ ቋንቋ ካፊኖኖ ነው። በቦንጋ ለሚያድግ ልጅ አማርኛ ፊልም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ቋንቋ የሚታይ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ በሦስተኛ ቋንቋ የሚታይ ነው። በአዲስ አበባ ለውጭ ዜጎች የተነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ፊልምን በራስ ቋንቋ የማየትና ስለ እሱ በራስ ቋንቋ የመነጋገር ፍላጎት፣ በከፋ የአገሬው ሰው ጥያቄ ይሆናል።

ፋይዳ

የውጭ ቋንቋ ፊልም ክበብ ለውጭ ዜጋው የናፍቆት ማስታገሻ፣ ለቋንቋ ተማሪው የመስሚያ ልምምድ፣ ለፊልም ሠሪው ደግሞ ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለግላል። የኢትዮጵያ ታሪክ እንደሚያሳየው ክበቡ የሚጸናው የውጭ ነዋሪው ሲበዛ ብቻ አይደለም። ማኅበረሰቦቹ ሲበተኑ ለራሳቸው አባላት ብቻ ያሳዩ የነበሩ ክለቦች ተዳከሙ፤ በራቸውን ለተማሪውና ለከተማው ሰው የከፈቱት ተቋማት ግን ከመንግሥት ለውጥ በኋላም የፊልም ምሽታቸውን ቀጥለዋል።