«ደስታ»፦ ገዳዩና ለዘብተኛው ዝርያ



በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ተነሥቶ አገር ያዳረሰው የከብት ቫይረስ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል፤ ስሙና ግብሩ አይገናኙም። በተለመደው ግምት ከመቶ ከብት ዘጠናው አለቀ። በሬ ሲጠፋ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፤ ድርቅና አንበጣ ታከሉበትና ክፉ ቀን ሆነ።

ከዚህ እልቂት ተነሥተን ዝርያው ከሁሉ የከፋ ነበር ብንል ግን እንቸኩላለን። የዚያ ዘመን ከብቶች በሽታውን ስላልለመዱት የመከላከል አቅም አልነበራቸውም፤ የበሽታ ክፋት ከቫይረሱም ከተያዘው እንስሳም ይመነጫል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 በኬንያ ጻቮ የታየው የደስታ ዝርያ ጎሽና አጋዘን ሲፈጅ፣ በከብት ላይ ያሳየው ቀላል ሕመም ነበር። በአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትም አንዱ ዝርያ በጥቂት ቀናት ሲገድል ሌላው ለሳምንታት ያጓትታል።

እንደ ሳንጃ ባለ ከብት አርቢ ቆላ የቱ ይበልጥ ያሰጋል? ገዳዩ ራሱን ያጋልጣል፤ አርቢው ይጮኻል፣ ገበያ ይዘጋል፣ ክትባት ይደርሳል። ለዘብተኛው ግን ማንም ሳያውቀው ከከብቱ ጋር ገበያ ይወርዳል።

ክትባቱም የተገኘው ከቫይረሱ ነው፤ ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ አንድ ገዳይ ዝርያ በላቦራቶሪ ደጋግሞ በማሳደግ አለዘበው። ኢትዮጵያ ከደስታ ነጻ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በሽታው ከዓለም መጥፋቱም በ2011 ተረጋገጠ።

የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ የሞቱትን ብቻ አንቁጠር፤ አርቢው «ቀላል ነው» ብሎ ያለፈውንም ሕመም እንመዝግብ። ቀጣዩ መቅሠፍት የሚደበቀው እዚያ ሊሆን ይችላል።